ደረቁ ክፍል

«ወረቀት እርጥበት አይችልም» አለ ወንድሜ።

ይህን የሰማሁት ደረጃው ላይ ቆሜ፣ የእናቴን የቁርስ ሳህን በእጄ ይዤ ነው። ነገሩን ያነሳችው ሚስቱ ነበረች። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ትልቁ እንግዳ ሲመጣ እማማ ከታች ሆነው ሲስሉ ከሚሰማ፣ ለዛሬ እንኳ ያቺን የላይኛዋን ደረቅ ትርፍ ክፍል ብንለቅላቸው ምን ይመስልሃል አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እሱም ያቺ ክፍል በመጽሐፉ ካርቶኖች የተሞላች መሆኗን፣ ካርቶኖቹን ወደ ታች ማውረድ ደግሞ ጨርሶ የማይታሰብ መሆኑን አስረዳት። ወረቀት እርጥበት አይችልማ! «እሳቸውስ?» አለች ሚስቱ። «እማዬማ ለምዳዋለች» አላት፤ ወዲያው ደግሞ የሸሚዙ ኮሌታ በደንብ አልተተኮሰም ብሎ ይነጫነጭ ጀመር። እኔ እዚያው እንደቆምኩ እንቁላሉ ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ።

ወንድሜ የሳይንስ መምህር ነው። ሰፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት የማዕዘኑ ባለሱቅ ነው፤ ለቀልድ ብሎ። ወንድሜ ግን ሰው በእሱ ላይ ሊቀልድ ይችላል ብሎ አስቦ ስለማያውቅ እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ባለፈው ዓመት ለተማሪዎች የሚሆን የሳይንስ ቃላት መጽሐፍ አሳተመ። ከሥነ ሕይወት ሕዋስ፣ ሥር፣ ሳንባ፤ ከመሬት ሳይንስ አለት፣ ቅርፊተ ምድር፣ ስርገት፤ ከፊዚክስ ስበት፣ ሰበቃ፣ ግፊት እያለ፣ እያንዳንዱን ቃል በአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይፈታል። መጽሐፉ መጥፎ አይደለም፤ እንዲያውም ጥሩ ነው፤ እኔን የሚያበሽቀኝም ይኸው ነው። ገጾቹን በሙሉ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ በምሠራበት ኮፒ ቤት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ምስጋና እንኳ ሳላገኝ። ስርገት የሚለው ላይ «ውሃ በአፈር፣ በአለት ወይም በግንብ ቀዳዳዎች አልፎ ቀስ በቀስ ወደ ሌላ ወገን መዝለቁ» ብሎ ጽፏል። «በግንብ» የምትለዋን ረስቷት ኖሮ ስልክ ደውሎ አስጨምሮኛል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ «በእስትንፋሷ ሙቀት ላሳደገችኝ እናቴ» ይላል። ያንንም እኔው ተይቤዋለሁ፤ ያኔ ገና ግድግዳው አልረጠበም ነበር።

እናቴና እኔ የምንኖረው ከታች፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። ቤቱ የቆመው በእናቴ መሬት ላይ ነው፤ ይህን ማንሳት ግን በቤታችን እንደ ብልግና ይቆጠራል። ክፍሏ ሁለት አልጋ፣ አንድ ቁም ሣጥንና አንዲት ወንበር ከያዘች በኋላ ለሰው የሚሆን ቦታ ብዙም አይተርፋትም። የእናቴ አልጋ በተጠጋበት ግድግዳ ውስጥ የላይኛው መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ይወርዳል። ላይ ገላቸውን በታጠቡ ቁጥር ግድግዳው ያልበዋል። ቀለሙ መጀመሪያ አበጠ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ አሁን ከወለሉ እስከ ትራሷ ድረስ ጥቁር ሻጋታ ይዞታል። ቁም ሣጥኑን ስከፍተው ልብሳችን ጆንያ ጆንያ ይሸታል። እናቴ ጠዋት የጀመራት ሳል የሚተዋት ደረጃውን ወጥታ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስታገኝ ብቻ ነው። ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠና፣ «ዋናው መድኃኒት ደረቅ ክፍል ነው፤ ብርዱ ሳይገባ ከዚያ ቤት ያውጧቸው» አለኝ። ሁለተኛ ብርድ በዚያ ግድግዳ ሥር የምትችል አልመሰለውም። ለእኔም አልመሰለኝም።

ለወንድሜ ስነግረው አንድ ቀን ወረደ። መነጽሩን አስተካከለ፣ ግድግዳውን በጣቱ ጫፍ ነካ፣ ጣቱን አሸተተ፣ ከዚያ በማስተማሪያ ድምፁ ገለጻውን ጀመረ። «ይኼ ኮንደንሴሽን ይባላል። ሁለት ሰው በጠባብ ክፍል ውስጥ ሲተነፍስ ከሳንባ የሚወጣው እንፋሎት ቀዝቃዛ ነገር ላይ ያርፍና ወደ ውሃ ይለወጣል። መስተዋት ላይ እፍ ስትዪ አላየሽም?» የቧንቧውን ነገር ባነሳበት ሳቀብኝ። «እትዬ፣ ቧንቧ ቢሆን ኖሮ ይፈስ ነበር። ይኼ እኮ የእናንተው ትንፋሽ ነው።» ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍላችን ውስጥ ውሃ ማፍላት ተከለከለ፣ መስኮቱም ብርድ ሆነ ነፋስ እንዳይዘጋ ታዘዘ። ቧንቧውን ለማሠራት ላይ የተለጠፈውን አዲስ ሴራሚክ መስበር ግድ ነው። ከውጭ የመጣ ሴራሚክ ነው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤቱን ከፍቶ የሚያሳየው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፣ ሚስቱም ታውቃለች። የማታውቀው እናቴ ብቻ ናት።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ እናቴ ማመኗ ነው። ልጇ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነዋ! ገለጻው ከተደረገልን በኋላ ስትተኛ ፊቷን ከግድግዳው አዙራ፣ ሻርፗን በአፍና አፍንጫዋ ላይ መጠምጠም ጀመረች። በርዷት መስሎኝ ነበር። ስጠይቃት፣ «ትንፋሼ ግድግዳውን እንዳያበላሽበት ነው» አለችኝ። በቤቷ፣ በመሬቷ ላይ፣ አየር እየቆጠበች የምትተኛ እናት! ሻርፑን ከፊቷ ባነሳው መልሳ ትጠመጥመዋለች፤ የወንድሜን ስም እየጠራች እንዳትወቅሽው ትለኛለች።

ሳህኑን ይዤ ስወርድ ፕሮፌሰሩ ተከትሎኝ ወረደ። ስለ ሳሏ አልጠየቀም። የሚመጣው ሰውዬ የበርካታ የግል ትምህርት ቤቶች ባለቤት መሆኑን፣ ከወደደው መጽሐፉን ለተማሪዎቹ ሁሉ እንደሚገዛ፣ ሰውየው ደግሞ «ቤተሰብ የሚያከብሩ ደራሲዎችን» እንደሚወድ ነገረን። ስለዚህ እናቴ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ሳሎን ትቀመጣለች። «ያቺን ነገር ደግሞ አንዴ እንለማመዳት፣ እማዬ» አላት። ያቺ ነገር የምትባለው ይህች ናት፦ መጽሐፉ ለማንም ሰው እንደሚገባ ለማሳየት ለእናቴ አንድ ቃል አስጠንቷታል። እሱ «ስበት ምንድን ነው?» ይላታል። እሷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ «ስበት ማለት መጠነ ቁስ ያላቸው ነገሮች ሁሉ እርስ በርሳቸው የሚሳሳቡበት ኃይል ነው» ትላለች። ልጅ ወልዳ ያሳደገች፣ ባል የቀበረች ሴት፣ በስተርጅና ልጇ ፊት ፈተና ትቀመጣለች። «የሚሳሳቡበት» ላይ ስትደርስ ሳሉ አቋረጣት። «ከሳሉ በፊት ለመጨረስ ሞክሪ፣ እማዬ» አላት፤ በጣም ታጋሽ ሰው ነው።

«እንግዳው ቧንቧው ያረጠበውን ግድግዳ ቢያይስ?» አልኩት።

«የቱን ቧንቧ?» አለና ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደ።

እኔም ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ኮፒ ቤታችን ከአንድ ትምህርት ቤት ፊት ለፊት ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሁለት ኮፒ ማሽን፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የእጅ መታጠቢያና ባለቤቱ ይገኙበታል። ባለቤቱን ከኋላው ቶነር እንለዋለን፤ ስለ ቶነር፣ ስለ ኮፒ ማሽኑ ቀለም፣ ዋጋ ያላወራበት ቀን ስለሌለ። ያን ዕለት ግን አጀንዳው ወረቀት ነበር። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው አንድ እሽግ ወረቀት ከእጅ መታጠቢያው ሥር አስቀምጦ ኖሮ፣ ወረቀቱ ጫፍ ጫፉ ተጠቅልሎ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ አንቆታል። ቶነር የማሽኑን ሆድ ከፍቶ የተጨማደደ ወረቀት እየመዘዘ ይራገማል። «ወረቀት ማለት እኮ አራስ ልጅ ማለት ነው!» ይላል። «ብርድ አይችልም፣ እርጥበት አይችልም። ከመሬት አንሱት፣ ከግድግዳ አርቁት፣ ሸፍኑት አላልኩም?» ደንበኞቹ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዲት ደብተር የታቀፈች እናት፣ እውነት ነው፣ ወረቀትማ እንክብካቤ ይፈልጋል አለች። ከተማው ሁሉ ለወረቀት አዛኝ ነው። ለሰው ሲሆን ሁሉም ሰው ፊዚክስ ያስተምራል።

ቆሜ ሳዳምጣቸው ከጠዋት ጀምሮ ሲያብሰለስለኝ የነበረው ነገር መልክ ያዘልኝ። እናቴ ትውጣ፣ ካርቶኖቹ ይውረዱ። ሌላ ምንም የለበትም። ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ከእንግዳው ጋር እስኪመጣ ቤት አይገባም፤ እንግዳ ፊት ደግሞ እናቱን ከአልጋ ጎትቶ አያወርድም። ይሉኝታ እንኳ ባይኖረው፣ ለሰው መታየት ይወዳል። ለቶነር የዛሬን ግማሽ ቀን ስጠኝ፣ እናቴን ቤት ላዛውራት ነው አልኩት።

«ወዴት ነው የምትዛወሩት?»

«አንድ ፎቅ ወደ ላይ።»

«ለአንድ ፎቅ ግማሽ ቀን?» አለና እጁን አራገበ፤ ማሽኑ እንደገና አንቆት ስለነበር ሊከራከረኝ ጊዜ አልነበረውም።

ከመንገዱ ማዶ ሸክም ሲጠብቁ የሚውሉ ሁለት ተሸካሚዎች ነበሩ፤ አንዱ ረጅምና ዝምተኛ፣ ሌላው አጭርና አፈኛ። ይዣቸው ሄድኩ። የወንድሜ ሚስት በሩን ከፈተችልኝ፤ ከኋላዬ ሁለቱን ሰዎች አየች፣ ፊቴን አየች፣ ከዚያ ወለሉን አየች። የደረቁን ክፍል ቁልፍ የምትይዘው እሷ ናት፤ ወንድሜ የካርቶን ዘበኛ አድርጓታል። እንቢ ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላሰብኩም ነበር። እኔና እሷ ስንት ዘመን አንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ ኖረን፣ ከደህና አደርሽ ያለፈ ወሬ አልነበረንም። እሱ ሲናገር እሷ ስታዳምጥ አያለሁ፤ እሱ ሲያፈላስፍ ዓይኗ ግድግዳ ላይ ሲንከራተት አያለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቃትም። ብዙ ቆመች። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቷ ገብታ ቁልፉን ይዛ መጣች፣ በሩን ከፈተች፣ ለተሸካሚዎቹም «ወለሉ አሁን ነው የተወለወለው፤ ጫማችሁን አውልቁ» አለቻቸው።

ያቺን ክፍል ሙሉ በሙሉ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሰፊ መስኮት አላት፤ ፀሐይዋ ከጠዋት እስከ ማታ ወለሉ ላይ ተንጋላ ትውላለች። ግድግዳዋ አዲስ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ካርቶኖቹ ከወለሉ በጣውላ ከፍ ተደርገው፣ ከግድግዳው በክንድ ያህል ርቀው፣ በብል መከላከያ ክኒን ተከበው ተደርድረዋል። ከላያቸው ፕላስቲክ ለብሰዋል። ከፕላስቲኩ ላይ ደግሞ ባለፈው ብርድ የጠፋብን፣ እናቴና እኔ ቤቱን አገላብጠን የፈለግነው ወፍራሙ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸዋል። ትዝ ይለኛል፣ ስንፈልግ እሱም አብሮን ፈልጓል። አልጋ ሥር ጎንበስ ብሎ ሁሉ አይቷል! ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ማለት እሱ ነው።

«ምንድን ነው ውስጡ?» አለኝ አጭሩ ተሸካሚ፣ የመጀመሪያውን ካርቶን ትከሻው ላይ እያደላደለ።

«ሳይንስ።»

«ከባድ ነው ሲሉ እሰማ ነበር፤ እውነታቸውን ነው ለካ!» አለና እያቃሰተ ወረደ።

ሲወጡ ሲወርዱ ቆዩ። የእናቴን አልጋ አወጡልኝ፣ ካርቶኖቹን አልጋው በነበረበት ቦታ፣ ግድግዳውን አስጠግተው ደረደሩልኝ። ረጅሙ ዝምተኛ ሻጋታውን አየና፣ «እዚህ ጋ ይሁን ነው ያልሽን?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ትከሻውን ሰብቆ ደረደረው። እናቴ በሰማያዊ ቀሚሷ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ እንዳይጨማደድባት አትደገፍም። ወዲህና ወዲያ የሚለውን ሸክም በዓይኗ ትከተላለች። «ልጄ ያውቃል?» አለችኝ። ሲመጣ ያውቃል አልኳት። «እንዳታስቀይሚው» አለችኝ፤ ከዚያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስበትን ማጥናቷን ቀጠለች። ብርድ ልብሱን ከፕላስቲኩ ላይ ገፍፌ አልጋዋ ላይ አነጠፍኩት። ተሸካሚዎቹን ሸኝቼ ስመለስ የወንድሜ ሚስት ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጥላ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። «እንግዳው ሳይመጣ ገላዬን ልታጠብ» አለችኝ። የገባችበት ገላ መታጠብ እስካሁን ካየሁት ሁሉ ይረዝማል። ውሃው ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ ሲወርድ እኔና እናቴ ሳሎን ቁጭ ብለን አዳመጥነው።

ፕሮፌሰሩ ከእንግዳው ጋር ሲገባ ኮሌታው ቀጥ ብሏል። እንግዳው ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚገባ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም እንዲያየው አድርጎ የሚያስቀምጥ ዓይነት ሰው ነው። የተቀመጠበት ሶፋ ለብቻው በቃው። ስለ ትውልድ ግንባታ ተናገረ፤ ልጆች ማወቅ ያለባቸው ቃላትን ነው፣ ቃላት ካወቁ ሌላው ዕዳው ገብስ ነው አለ። በትምህርት ቤቶቹ ቤተ ሙከራ ይኖር እንደሆነ ወንድሜ በአክብሮት ሲጠይቀው፣ «አለ፣ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ ልጅ ምኑን ያውቃል፣ ይሰብረዋል» ብሎ ሳቀ። ወንድሜም አብሮ ሳቀ። ሁለቱ ሰዎች በጣም ተግባብተዋል። ከዚያ ያቺ ነገር መጣች። ወንድሜ እጁን ወደ እናቴ ዘርግቶ፣ መጽሐፉ ለማን እንደተበረከተ ገጹን ገልጦ አሳየ፣ ድምፁን አለስልሶም፣ «እማዬ፣ ስበት ምንድን ነው?» አላት።

እናቴ አንድም ቃል ሳትስት ተወጣችው። ሳሉን እስክትጨርስ አፍና ይዛ ኖሮ፣ «ኃይል ነው» ካለች በኋላ ሰውነቷ ሁሉ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ሳለች። እንግዳው በሳሉ ላይ ጭብጨባውን አነባበረበት። «ይገርማል! እናታችን እንኳ በዚህ ዕድሜያቸው! ይማርዎት እናቴ» አለና ወደ ወንድሜ ዞረ። «መምህር፣ እኔ ሰው የማመላልስ አይደለሁም። መጽሐፍዎን ወድጄዋለሁ። ጥቂት ካርቶን ዛሬውኑ መኪናዬ ላይ ይጫንልኝ፤ የቀረውን ሰው እልካለሁ።» ወንድሜ ፊቱ በራ። ተነሥቶ እየተጣደፈ ወደ ትርፏ ክፍል ሄደ፤ እንግዳውም የካርቶኑን ብዛት ሊያይ ተከተለው። እኔም ተከተልኩ።

በሩን ከፍቶ እንደቆመ ቀረ። ከፊቱ ያለው የእናቱ አልጋ ነው። ብርድ ልብሱ ተነጥፎበታል፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ማበጠሪያዋ ተቀምጧል፣ ከአልጋው ሥር ነጠላ ጫማዋ አለ።

«ካርቶኖቹስ?» አለ።

«ታች ናቸው» አልኩት።

«ታች የት?»

«እማዬ የነበረችበት።»

ክው አለ። እንግዳ መኖሩንም፣ ፕሮፌሰር መሆኑንም ረስቶ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወረደ። ስንደርስበት ካርቶን አቅፎ መሬት ላይ ተንበርክኳል። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ያብረቀርቃል፤ ውሃው በሻጋታው ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ የታችኛዎቹ ካርቶኖች ጎናቸው ጠቁሯል። አንዱን ሲያነሳው የካርቶኑ ሥር ተቦጭቆ መጻሕፍቱ እግሩ ላይ ተዘረገፉ።

«አብደሻል እንዴ?» ብሎ ጮኸ፣ ላንቃው እስኪታይ። «እዚህ ግድግዳ ሥር ወረቀት ይቀመጣል? ከላይ ቧንቧው እንደሚያፈስ አታውቂም? ስንቴ ነው የነገርሽኝ ራስሽ! ሰው ገላውን በታጠበ ቁጥር በዚህ በኩል ሰርጎ እንደሚወርድ አታውቂም?»

ሚስቱ ፀጉሯ እንደረጠበ ደረጃው ላይ ቆማለች። እናቴም ከኋላዋ፣ በእጇ መደገፊያውን ይዛ፣ ሁሉን እየሰማች ቆማለች። ወንድሜ ራሱ የተናገረውን የሰማው ከሁላችንም ዘግይቶ ነው።

«አንተ ግን ከትንፋሽ ነው ብለኸን ነበር» አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም። «ካርቶን ደግሞ አይተነፍስም። ምንም አይነካቸውም ብዬ ነው።»

ዕድሜ ልኩን ቃል ሲሰበስብ የኖረ ሰው አንዲት ቃል አጣ። ያን ጊዜ እንግዳው ይታዘበዋል፣ ቢያንስ ለእናቴ ከንፈሩን ይመጥላታል ብዬ ጠበቅኩ። እንግዳው ጎንበስ ብሎ ከወደቁት መጻሕፍት አንዱን አነሳ፣ ገጹን በአውራ ጣቱ አገላበጠ፣ የረጠበችውን ጥግ ዳሰሰ።

«የረጠቡት ላይ ቅናሽ ይደረጋል አይደል?» አለ።

ይደረጋል አለው ወንድሜ፣ እየተንተባተበ። ተስማሙ። ከደረቆቹ ካርቶኖች ጥቂቱን ተጋግዘው መኪናው ላይ ጫኑ፤ የረጠቡትንም በቅናሽ ጫኑ። ሰውየው ሲሰናበት ለእናቴ ጎንበስ ብሎ፣ «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ ማህፀን የተባረከ ነው» አላት። እናቴ አመሰገነች። መኪናው ከግቢው ሳይወጣ ወንድሜ ስልክ ይዞ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ ነበር። ቶሎ ናልኝ፣ አሁኑኑ፣ ንብረት እየተበላሸብኝ ነው ሲል ሰማሁት። ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ከዚያ በፊት ሩቅ አገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ የሚኖረው ለካ ከባለሱቁ ቀጥሎ ነው። ውድ ሴራሚኩን በመዶሻ ሲሰብረው ወንድሜ ፊቱን አዞረ። የተቦረቦረውን ቧንቧ አውጥቶ ሲያሳየው ደግሞ መምህርነቱ ተመለሰለትና፣ «በሳይንስ ሁለቱም አብረው ሊከሰቱ ይችላሉ፤ ኮንደንሴሽንም ስርገትም» ብሎ አስረዳው። ቧንቧ ሠራተኛው እሺ አለ፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው የፈለገውን ማስረዳት ይችላል።

የቀሩት ካርቶኖች ሳሎን ገቡ። ከሶፋው ኋላ፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ከምግብ ጠረጴዛው ጎን ተደረደሩ፤ ወንድሜ ራቱን ሊበላ ሲቀመጥ ጉልበቱ ካርቶን እየነካው ወንበሩን ወዲህ ወዲያ አደረገ። እናቴ ወደ አዲሱ ክፍሏ ገብታ ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ «እንግዲህ ታች ያለው ግድግዳ ሲደርቅ እማዬ ትወርዳለች፤ ወረቀት ሳሎን ውስጥ ሊከርም አይችልም» አለ። ሚስቱ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። በአጠገቤ ስታልፍ የደረቁን ክፍል ቁልፍ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ከእጄ አጠገብ አስቀመጠችው። «እኔ ይጠፋብኛል፤ አንቺ ጋ ይሁን እትዬ» አለች፣ እሱ እየሰማ። ወንድሜ ቁልፉን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ከዚያ ጨው አንሷል ብሎ ራቱን ቀጠለ። ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።

ክፍሏ ስገባ የቀኑ ፀሐይ ሙቀት ከወለሉ ላይ ገና ጨርሶ አልሄደም። ሙቀቱ፣ የአዲስ ወረቀቱ ሽታ፣ የነጩ ግድግዳ ብርሃን አለ። ደስ አለኝ፤ ልደብቀው አልፈልግም፣ ወንድሜን ከነመጽሐፉ በአንድ ቀን አሸንፌው ደስ ብሎኛል። እናቴ አልሳለችም። ገብቼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስቀመጥ ግን ፊቷን ከግድግዳው አዙራ፣ ሻርፗን በአፍና አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ቧንቧ ነበር እኮ» አልኳት። «ራሱ ሲናገር አልሰማሽም? በሁላችንም ፊት?»

«ሰምቻለሁ» አለች በሻርፑ ውስጥ።

ሻርፑን ከፊቷ ላወርደው እጄን ብዘረጋ እጄን ያዘችኝ። እጇ ሞቃት ነበር። ነጩን ግድግዳ በዓይኗ አሳየችኝ።

«ቀለሙ አዲስ ነው» አለችኝ። «ቀስ ብዬ ብተነፍስ እኔ ምን እጎዳለሁ?»